የድሮ ሸክላዎቻችንን ስለ መስማትና ነጥብ ስለ መስጠት



በያቭነ ከተማ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጎረቤት አሉን። ስማቸው በመጽሔት እንዲወጣ ስላልፈለጉ «ጎረቤታችን» እያልን እንቀጥላለን። ብዙ ዓመት በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንድ ሥራ ይዘዋል። የድሮ የአማርኛ ዘፈኖችን አንድም ሳይዘሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየሰሙ በተማሪ ደብተር ላይ ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ። ደብተሩ አራት ዓምድ አለው። አንደኛው «ድምፅ»፣ ሁለተኛው «ግጥም»፣ ሦስተኛው «ሙዚቃ» ይላል። በአራተኛው ላይ «ሌሊት» ተብሎ ተጽፏል። ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ «ከፈረቃ ስመለስ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ብሰማው ይሆነኛል ወይ? ማለት ነው» አሉን።

ይህ ደብተር በቤታቸው ውስጥ ክርክር አስነሣ። በዚህ አገር ተወልዶ ያደገው ልጃቸው አማርኛ ይሰማል እንጂ እንደ ልቡ አይናገርም፤ ሙዚቃ ግን አብዝቶ ይወዳል። አንድ ቀን የማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» ከስልኩ አውጥቶ ለአባቱ አሰማቸው። «አባ፣ ይህ በዓለም ካሉት ምርጥ አልበሞች አንዱ ነው፤ አሥር ከአሥር!» አለ። (አባ የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋዎቻችን አንድ መሆኑ በዚያ ቤት ብዙ ጠብ ያበርዳል።) አባትየው ጸጥ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙና በደብተሩ ላይ ስድስት ጻፉ። ልጁ ተቆጣ፤ አባት ምክንያታቸውን አልናገርም አሉ። እኛም የሠፈሩን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ነን ተብለን ለሽምግልና ተጠራን።

ሽማግሌ ከመፍረዱ በፊት የተካሰሱበትን ነገር ማወቅ አለበት። ስለዚህ ወደ ነጥቡ ከመግባታችን በፊት እነዚህ «አልበሞች» የሚባሉት ምን እንደሆኑና ከየት እንደመጡ እንናገራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከኢየሩሳሌም ይጀምራል

በእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው የጥሩንባውና የሳክስፎኑ ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ወደ አዲስ አበባ የገባበት አንዱ ታላቅ በር ከያቭነ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትገኘው ከተማ መሆኑን ብንነግረው አላመነም ነበር። በ1924 ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም ከተጠለሉት ወላጅ አልባ ልጆች መካከል የሙዚቃ ጓድ አቋቁመው የሚነፉትን አዩ። ልጆቹ በቱርክ አገር ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባል ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በአዲስ አበባ በኦርኬስትራና በቴአትር ቤት ብዙ ሙዚቀኞችን ኮትኩቷል።

ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተስፋፉ። ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ የዘፈኑ ናቸው። ማሕሙድ ጫማ በመጥረግ የጀመረ፣ ከዚያም ሙዚቀኞች በሚጫወቱበት ምሽት ቤት ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ የዘፋኝ መቅረት ዕድል የሰጠው ሰው ነው። ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ከ«ድምፅ» ዓምድ አጠገብ «ከጫማ ጠራጊነት የተነሣ» ብለው በእርሳስ ጻፉ። ነጥቡን ግን አልለወጡም።

አልበም ወይስ ሁለት ዘፈን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት በ1969 ይህን ብቸኛ መብት አልፎ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነለት ዓለማየሁ እሸቴ ነው። የስማቸው መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታልና ወንድማማች አይደሉም። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ሕንድ አገር ታትሞ ነበር የመጣው።

አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። አንባቢዎቻችን ይህን ቁጥር ልብ ይበሉት። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ሲሆን በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊቱ ሌላ ዘፈን ይይዛል። ጊዜው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው፤ ዘፈኑ ከረዘመ ለሁለት ተቆርጦ በሁለቱ ፊት ይታተማል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ዘፋኝ የሚያስበው ስለ አልበም ሳይሆን ስለ ሁለት ዘፈን ነበር። በምሽት ቤት ውስጥ ሰው ሳንቲም ከፍሎ የሚሰማው፣ ታክሲ ነጂው የሚያንጎራጉረው፣ አንድ ዘፈን ነበር። ከአምሃ ጎን ፊሊፕስ ኩባንያ፣ በኋላም «ዓሊ ታንጎ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ገበያውን ተካፈሉ።

በ1974 አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ቤቶች ኑሮ ተዳከመ። አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። የሸክላ ኅትመት በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆመና ቦታውን ካሴት ወረሰ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየቤቱ ይገለበጣል፤ ያለ ማተሚያ ይበዛል። ዘፋኞቹ በዚህ ምን ያህል እንደተጎዱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ታዲያ ልጁ ዛሬ በስልኩ የሚሰማው «አልበም» ከየት መጣ? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ሙዚቃ ወዳድ በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ፤ በ1986 «ኤረ መላ መላ» በብራስልስ ከተማ ክራምድ በተባለ አሳታሚ ለአውሮፓ አድማጭ እንዲወጣ አደረገ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በፓሪስ «ኤትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ጀመረ፤ እሱም ወደ ሠላሳ ቅጽ ደርሷል። ብዙዎቹ ቅጾች እነዚያን ትንንሽ ሸክላዎች ከየቦታው ለቃቅመው በአንድ ላይ ያሰፈሩ ናቸው። እንግዲህ ልጁ ለብዙዎቹ ነጥብ ሲሰጥ ሳያውቀው የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የዘፋኙን ጉሮሮ፣ ሁለተኛው የመራጩን ጆሮ። ፋልሴቶ ጥሩ ጆሮ እንዳለው አንክድም። ነገር ግን የእሱ ጆሮ ጥሩንባና ሳክስፎን ይወዳል፤ ግጥም ያለ አስተርጓሚ አይሰማም። እናቶቻችን ለቅሶ ላይ የሚወዱትን እርጋታ ያለው ዘፈን ሁልጊዜ አልመረጠም። ይህ የእኛ ፍርድ ነው፤ የሚከራከር ይጻፍልን።

ለእኛ ሰዎች እንዴት ደረሰን?

ይህ ሁሉ ሲሆን አብዛኛው የእኛ ማኅበረሰብ በጎንደር ገጠር ነበር። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ ሲጫወት በእኛ መንደር ሠርግ ላይ የሚሰማው የማሲንቆ ድምፅና ከበሮ ነው። እኛ ደግሞ ከቄሶች እግር ሥር የተማርን ነንና ዜማ ማለት በግዕዝ የሚዜመው ጸሎት፣ ከነጋሪቱና ከቀጭሉ ጋር፣ እንጂ ሌላው ዛዛታ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ይሁን እንጂ በገበያ ቀን ከቡና ቤት በር ላይ በራዲዮ የሚለቀቀውን ዘፈን የገዛነውን ጨው ይዘን ቆመን እንሰማ እንደነበር አሁን ቢነገር የሚቆጣን ቄስ የለም፤ ሁሉም አርፈዋል።

ከዚያ ሱዳን መጣ፤ ከዚያ እስራኤል። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ የገቡት፣ በኋላም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የገቡት ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን፣ ሸክላ ይዘው አልመጡም። ካሴት በብብቱ ይዞ የመጣ ግን አለ። በቃራቫኖቹ መንደር አንድ ካሴት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይዞር ነበር። በቅርያት መላኪ በገደራ በያቭነ ያሉት የሠርግ ቤቶች በዚያ ቅጂ ጨፈሩ። በእያንዳንዱ ግልበጣ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ዘፈኑ እንደ ዝናብ ውስጥ ሰው ይርቃል። የዘፋኙ ስም በወረቀት ላይ ይጠፋል፤ «ጥሩ ዘፈን፣ ቁጥር 3» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ዛሬም በመሳቢያችን አለ። አንዳንዱ ማጫወቻ ይፈጥናል፣ አንዳንዱ ይዘገያል፤ ስለዚህ በዝግታ ማጫወቻ የተገለበጠውን በትክክለኛው ብታጫውቱት ጥላሁን እንደ ጎረምሳ ቀጥኖ ይዘፍናል። ጎረቤታችን ለአንድ ካሴት በ«ድምፅ» አራት ሰጥተውት ነበር፤ ጥፋቱ የዘፋኙ ሳይሆን የማጫወቻው መሆኑን አሳይተናቸው ስምንት አድርገውታል።

በደብተሩ ውስጥ

በሦስት ቅዳሜ ማታዎች፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ከአባትና ከልጅ ጋር ተቀምጠን ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ ሰማን። ሁሉን አንዘረዝርም።

ጌታቸው መኩሪያ ለፊሊፕስ ያሳተመው የሳክስፎን ሸክላ ዘጠኝ አግኝቷል። አባትና ልጅ ያለ ክርክር የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግን ለየቅል ነው። ልጁ እንደ አሜሪካ ጃዝ ይሰማዋል። አባትየው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይህ እኮ ሽለላ ነው!» አሉ። ትክክል ነው፤ ጌታቸው የአርበኛውን ሽለላና ቀረርቶ ከአፍ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ነው። ቃል የለውም፤ ፉከራው ግን ይሰማል። በ2006 ከሆላንድ የሮክ ሙዚቀኞች ጋር አብሮ የሠራውንም ሰምተን ነበር፤ አባትየው «ጎረቤት ይነሣል» ብለው በ«ሌሊት» ዓምድ ዜሮ ሰጡት።

የሙላቱ አስታጥቄ በ1974 አምሃ ያሳተመው የኢትዮ ጃዝ ሸክላ ከልጁ አሥር፣ ከአባት ሰባት። ሙላቱ በጅማ ተወልዶ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ የተማረ፣ በአምስት ድምፅ የሚሄዱትን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያዋሐደ ነው። ዓለም የበለጠ ያወቀው ጂም ጃርሙሽ በ2005 በሠራው ፊልም ነው። አባትየው «ጥሩ ነው፣ ግን ማንን ነው የሚያናግረው?» አሉ። እኛ ስምንት እንሰጠዋለን። ያለ ቃል ትዝታ ሊቀሰቅስ የቻለ ሰው ሁለት ነጥብ ብቻ ይቀነስበታል።

ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር በ1977 ያወጣውን «ቸበለው» ልጁ ዳንስ እያለ ሰማው። ስምንት። በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘው የግርማ በየነ ድርሰት ነው። ኃይሉ ከባንዱ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነድቷል። በታክሲው ሻንጣ ውስጥ ኪቦርድ ይዞ ይዞር ነበር፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ሌሊት» በሚለው ዓምድ አሥር ሰጡት። ዳኝነታቸው አድልዎ ያለበት መሆኑን ጠቁመናል።

ስለ አስቴር አወቀ በ1989 በለንደን የወጣውን ሰምተን አልተከራከርንም፤ የጎንደር ልጅ ናትና እኛ ዳኛ መሆን አንችልም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ዘንድ ስንደርስ ግን ተቸገርን። እኚህ መነኩሲት ፒያኖ ብቻቸውን ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገንዘቡም ለችግረኞች የታሰበ ነበር። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚሁ አጠገባችን ሲኖሩ ከማኅበራችን ሄዶ ያነጋገራቸው ሰው አለመኖሩ የእኛ ስንፍና ነው፤ በዚህ ገጽ እንጻፈው። አባትየው «በጸሎት ላይ ላለ ሰው ነጥብ አይሰጥም» ብለው ደብተሩን ዘጉ። ልጁ ደግሞ ሙዚቃ ሙዚቃ ነው አለ። እኛ ከልጁ ጋር ነን። ዳዊትም በመሰንቆና በበገና ዘምሮ ሰዎች መዝሙሩን ሲያወድሱ ኖረዋል።

ባዶው ዓምድ

የልጁን ዝርዝር ከአባቱ ደብተር ጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ታየን። ልጁ በ«ግጥም» ዓምድ አንድም ነጥብ አልጻፈም። አልገባኝም አለ፤ እውነቱን ነው። የአማርኛ ዘፈን ግን ሰምና ወርቅ አለው። በላይ የፍቅር ቃል ነው፤ በታች ስለ አገር፣ ስለ ሹም፣ ስለ ሞት ይናገራል። በንጉሡም በደርግም ዘመን አድማጭ «አንቺ» የተባለችውን ወዲያ ማዶ ያለች አገር፣ «ጨከነ» የተባለውን ደግሞ መንግሥት እያደረገ ይሰማ ነበር። ዘፋኙ ያላሰበውን ወርቅ አድማጩ ቆፍሮ ያወጣበት ጊዜም አለ።

ሌላው ትዝታ ነው። ትዝታ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ትዝታ ግን የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆን የዘፈንም ስም ነው። ባለቤት የለውም፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ግጥም ጨምሮ የራሱን ትዝታ ይዘፍናል። ስለዚህ ልጁ «ይህንንማ ሌላው ዘፍኖታል፣ ቅጂ ነው» ብሎ ነጥብ ሲቀንስ አስቆምነው። በትዝታ ዘፋኝ የሚፈተነው ሌላው ባለፈበት መንገድ ላይ ነው። ጥላሁንን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ አስናቀች ወርቁን በክራሯ፣ ማሕሙድን በተራ አሰማነው። አስናቀች ስትጀምር ስልኩን አስቀመጠ። ጥላሁን ላይ ሲደርስ፣ ቃሉ ሳይገባው፣ «ይህ ሰው ያለቅሳል?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው ጥላሁንን በደብተራቸው አሥር ከአሥር የሰጡት ብቸኛ ሰው ነው።

በፍርድ ሚዛን ግን ልጁም የያዘው ነገር አለ። በእሱ ዝርዝር ውስጥ አባቱ የሌላቸው «ቤዝ» የሚል ዓምድ አለ። በ«ኤረ መላ መላ» ውስጥ ከታች የሚሄደውን፣ የኢቤክስ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የሚጫወተውን ወፍራም ጊታር፣ በጆሮ ማዳመጫ ለአባቱ አሰማቸው። ኢቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ነው። አባትየው ያን ዘፈን ሠላሳ ዓመት ከሚያልፍ ጊዜ ጀምሮ ሲያውቁት ያን ድምፅ ሰምተውት አያውቁም ነበር። «ይህ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉ። እንዲህም ሆኖ ስድስቱን አልለወጡም።

ስለ ስድስቱ

በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ፣ ልጁ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ጎረቤታችን ከቁም ሣጥን ላይ አንድ ካሴት አውርደው አሳዩን። ነገሩ ከዚህ ላይ ተገለጠ።

እሳቸው በ1984 በሱዳን በኩል ገቡ፤ እናታቸውና ታናሽ ወንድማቸው በጎንደር ቀሩ። እስራኤልና ኢትዮጵያ ከ1973 ጀምሮ የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸው ተቋርጦ ነበር፤ የታደሰው በ1989 ነው። በዚያ መካከል የነበሩት ዓመታት ለብዙ ቤተሰብ የጨለማ ዓመታት ነበሩ። እናቶቻችን አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በተጓዥ እጅ ይልኩ ነበር፤ ከዚህም በኩል ልጆች በካሴት ይመልሱ ነበር። በየቤታችሁ የዚህ ዓይነት ካሴት እንዳለ እናውቃለን።

በ1987 የመጣላቸው ካሴት ባዶ ካሴት አልነበረም። ባዶ ካሴት ውድ ነበር፤ ወንድምየው ከጎንደር ገበያ የተገዛ፣ ከሸክላ የተገለበጠ የማሕሙድ ካሴት ነበረው። እንዲህ ያለው ካሴት እንዳይደመሰስ በጀርባው ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ትሰበራለች። ወንድምየው በቀዳዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ ደፈነውና በዘፈኑ ላይ የእናቱን ድምፅ ቀዳ። እናቲቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይናገራሉ። ስለ ላሟ፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ሞቱት ሰዎች፣ ልጃቸው ይበላ እንደሆነና እንደማይበላ። ከዚያ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ይቆረጥና ማሕሙድ ከዘፈኑ መካከል ይገባል። ማጥፊያው ደካማ ስለነበረም፣ ጆሮ ለሚሰጥ ሰው፣ ከእናቲቱ ድምፅ ሥር ሳክስፎኑ በስሱ ይሰማል። እናቲቱ የሰሎሞን ዘመቻ ሳይደርስላቸው በ1990 አረፉ።

«ለእኔ ያ ዘፈን መጀመሪያ የለውም» አሉን ጎረቤታችን። «ከመካከሉ ነው የሚጀምረው። ልጄ ያሰማኝ ግን ከመጀመሪያው ጀመረ። መጀመሪያው ላይ የሚገባው ሌላ ነበር።»

የሽምግልናችን ፍርድ ይህ ሆነ፤ አንድ ዘፈን ሳይሆን ሁለት ነገር ነውና ሁለት መስመር ይጻፍ። ተቀበሉን። በደብተሩ ላይ «ኤረ መላ መላ፣ የልጄ» በሚለው መስመር ዛሬ ዘጠኝ አለ። «ኤረ መላ መላ፣ የእናቴ» በሚለው ከአራቱ ዓምዶች ሦስቱ ባዶ ናቸው። በ«ሌሊት» ላይ ሰረዝ አለ። ስለ ምክንያቱ አልጠየቅናቸውም።

ካሴቱ ስለ ዕድሜው መናገር ያለብን ነገር አለ፤ የብዙዎቻችሁም እንዲሁ ነውና። በካሴቱ አፍ ውስጥ፣ ክሩን በማጫወቻው ራስ ላይ የምትጫን ትንሽ የስፖንጅ ትራስ አለች፤ ሙጫዋ ደርቆ ስትወድቅ ድምፁ ይደክማል፤ ካሴቱ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፤ ትራሷ ከሌላ ካሴት ልትወሰድ ትችላለች። ብዙ ዓመት ሳይነካ ተጠቅልሎ የቆየ ክር ደግሞ የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ዙር ያልፋል። በጎረቤታችን ካሴት ላይ እናቲቱ ከመናገራቸው አንድ አፍታ በፊት ያው ቃላቸው ከሩቅ ሲሰማ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከማጫወት በፊት እስከ መጨረሻውና ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ማዞር ይጠቅማል። በመኪና ውስጥ፣ በመስኮት ላይ፣ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ሙቀትና ማግኔት ጠላቱ ናቸው። ካገኛችሁም የተሰበረውን ጥርስ ቀዳዳ የደፈነውን ወረቀት አሁኑኑ አንሡት፤ ሳያውቅ የሚጫን ልጅ አለ።

የመጀመሪያውን ፊት ወደ ኮምፒውተር ገልብጠናል፤ ለልጁም ሰጥተናል። አሥራ አንዱን ደቂቃ በዕብራይስጥ እንድንተረጉምለት ጠይቆናል፤ እየሠራን ነው፤ የላሟ ስም ብቻ አስቸግሮናል። ሁለተኛውን ፊት ልንገለብጥ ስንል የተዋስነው ማጫወቻ ላስቲኩ ተበጠሰ። ከቅርያት መላኪ ሌላ ማጫወቻ እናመጣለን ያሉ ወዳጆች አሉ፤ እስከዚያ ካሴቱ በጎረቤታችን ቁም ሣጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።